ወረቀት የሌለው መጽሐፍ ስለ ምን ተወደደ?

መጽሐፍ በክርስቲያን ቤት ውስጥ እንደ ሌላው ዕቃ የሚቈጠር ነገር አይደለም። ሕፃን ፊደል ከሚቈጥርበት ቀን ጀምሮ ዳዊት እስከሚደግምበት ቀን ድረስ፣ ከዚያም አድጎ በዘመናዊው ትምህርት ቤት የሒሳቡንና የሕክምናውን፣ የሕጉንና የታሪኩን ጥበብ እስከሚቀስምበት ጊዜ ድረስ መንገዱን የሚያሳየው መጽሐፍ ነው። ስለዚህ የመጽሐፍ ዋጋ ከመጠን ባለፈ ጊዜ የሚጎዳው የአባወራው ኪስ ብቻ አይደለም፤ የልጆቹ ትምህርት፣ የቤቱም መልካም ልማድ አብሮ ይጎዳል።

በዚህ ወር ለአንባብያን ያቀረብነው ነገር በብዙ ቤት የሚሰማ ቅሬታ ነው፤ ይኸውም በስልክ፣ በኮምፒውተርና ለንባብ ብቻ በተሠራ መሣሪያ ላይ የሚነበበው ኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ የዋጋው መወደድ ነው። ቅሬታ የሚያሰሙት ሰዎች እንዲህ ይላሉ። ይህ መጽሐፍ ወረቀት አይፈጅም፤ ቀለም አይጠጣም፤ ጠራዥ አይጠርዘውም፤ መርከብና ካሚዮን አያጓጕዘውም፤ መጋዘንም አያስፈልገውም። አንድ ጊዜ ከተሰናዳ በኋላ ለአንድ ሰው ቢሸጥም ለመቶ ሺሕ ሰው ቢሸጥም ድካሙ ያው ነው። ታዲያ ስለ ምን ዋጋው ከወረቀቱ መጽሐፍ ጋር ተካከለ? አንዳንድ ጊዜስ ስለ ምን በለጠ?

ይህ ጥያቄ የሥሥት ጥያቄ አይደለም። በአሜሪካ የታላላቅ አሳታሚዎች አዲስ መጽሐፍ በኤሌክትሮኒክ መልኩ ብዙ ጊዜ ወደ 15 ዶላር ይሸጣል። ሦስት ልጆች ያሉት በዚያ የሚኖር ቤተ ሰብ ለእያንዳንዳቸው በወር አንድ መጽሐፍ ቢገዛ በዓመት 540 ዶላር ይሆናል። በአገር ቤት ያለው ችግር ደግሞ ከዚህ ይከብዳል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ ወደ 57 ብር ይመነዘር ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ግን ከ100 ብር በላይ ሆነ። ስለዚህ 855 ብር ያወጣ የነበረው የ15 ዶላር መጽሐፍ፣ አንዲት ፊደል ሳትጨመርበት፣ ከ1500 ብር በላይ ወጣ። የሕክምና ወይም የምሕንድስና ተማሪ የሚያስፈልገው መጽሐፍ ደግሞ የዚህን ብዙ እጥፍ የሚጠይቅ ነው። ገንዘቡ ቢገኝ እንኳ በውጭ ምንዛሪ የሚከፈልበት ካርድ በየቤቱ የለም፤ በውጭ አገር ዘመድ ያለው ተማሪ አጎቱን ወይም አክስቱን ያስቸግራል፤ ዘመድ የሌለው ግን እያየ ይቀራል።

የቀድሞው መጽሐፍና ዋጋው

አባቶቻችን መጽሐፍ ውድ መሆኑን ያውቁ ነበር፤ ነገር ግን ስለ ምን እንደ ተወደደም ያውቁ ነበር። ቆዳው ይነከራል፤ በእንጨት ላይ ተወጥሮ ይፋቃል፤ ይደርቃል። ብራና ፋቂው ሥራውን ከፈጸመ በኋላ ጸሐፊው ያሰምርበታል፤ ጥቁሩንና ቀዩን ቀለም በጥብጦ፣ መቃውን ቀርጾ፣ ቃል በቃል ይጽፋል። ከዚያም ይደጐሳል፤ ማኅደር ይሰፋለታል። አንድ ዳዊት የብዙ እንስሳ ቆዳ፣ የረጅም ጊዜም ድካም ይጠይቃል። ስለዚህ ዋጋው በዐይን የሚታይ፣ በእጅ የሚዳሰስ ዋጋ ነበር። ብዙ ጊዜም ያስጻፈው ሰውና የጻፈው ሰው ስማቸው በመጽሐፉ ውስጥ ይነሣ ነበር፤ የሚያነበው ሁሉ በጸሎቱ እንዲያስባቸው ነው።

በኋላም የማተሚያ ጥበብ መጣ። ዮሐንስ ፖትከን የተባለው ጀርመናዊ በ1513 ዓ.ም. መዝሙረ ዳዊትን በሮማ አሳተመ፤ ይህም በግዕዝ ፊደል የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ ነው። በ1548 እና በ1549 ዓ.ም. ደግሞ አባ ተስፋ ጽዮን ከባልንጀሮቻቸው ጋር ሐዲስ ኪዳንን በግዕዝ በዚያው በሮማ አሳተሙ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ በውጭ አገር ስለ ተደረገ ነገር ስንናገር ዓመቱን የምንሰጠው በፈረንጆች አቈጣጠር ነው፤ የአገራችንን ነገር ስንናገር ግን በራሳችን አቈጣጠር ነው። በአገራችንም በ1914 ዓ.ም. ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ተቋቋመ፤ የተስፋ ገብረ ሥላሴ ማተሚያ ቤትም የፊደል ገበታውንና የጸሎት መጻሕፍቱን እያተመ ለሕዝቡ አዳረሰ። በዚህ ጊዜ ቀድሞ በደብርና በመኳንንት ቤት ብቻ ይገኝ የነበረው ዳዊት በገበሬውም በወታደሩም ቤት ተገኘ።

እንግዲህ ከብራና ወደ ወረቀት በተሻገርን ጊዜ ዋጋው እጅግ ወርዷል። ከወረቀት ወደ መስታወት ሰሌዳ ስንሻገርም ዋጋው ዳግመኛ ይወርዳል ብሎ ሰው ሁሉ ተስፋ ማድረጉ በቂ ምክንያት ነበረው። ተስፋው ስለ ምን እንዳልተፈጸመ ለመረዳት ነገሩን ከመነሻው ማየት ያስፈልጋል።

ዋጋው እንዴት እንደ ወጣ

በ2007 ዓ.ም. አማዞን የተባለው የአሜሪካ የንግድ ድርጅት ኪንድል ብሎ የሰየመውን የንባብ መሣሪያ አወጣ። የመሣሪያው ዋጋ 399 ዶላር ነበር፤ ብዙ ሕዝብ የሚፈልጋቸውን አዳዲስ መጻሕፍት ግን እያንዳንዱን በ9 ዶላር ከ99 ሳንቲም ይሸጥ ጀመር። ለአሳታሚው የሚከፍለው ብዙ ጊዜ ከዚህ የሚበልጥ ነበር፤ እየከሰረ መሸጡም ሕዝቡን ወደ መሣሪያው ለመሳብ ነው። አሳታሚዎቹ ግን ሰው ይህን ዋጋ ከለመደ የወረቀቱን መጽሐፍ በ26 ዶላር የሚገዛን አናገኝም ብለው ፈሩ።

በ2010 ዓ.ም. አፕል አይፓድ የተባለውን መሣሪያ ባወጣ ጊዜ ከአምስት ታላላቅ አሳታሚዎች ጋር አዲስ ውል ተዋዋለ። በውሉ መሠረት ዋጋውን የሚቈርጠው አሳታሚው ሆነ፤ ሻጩም ከመቶ 30 እጅ ብቻ ይወስዳል ተባለ። ወዲያውም የብዙዎቹ አዳዲስ መጻሕፍት ዋጋ ወደ 12 ዶላር ከ99 ሳንቲምና ወደ 14 ዶላር ከ99 ሳንቲም ወጣ። የአሜሪካ የፍትሕ ሚኒስቴር በ2012 ዓ.ም. አፕልንና አምስቱን አሳታሚዎች ዋጋ ለማስወደድ ተመሳጥረዋል ብሎ ከሰሳቸው። አሳታሚዎቹ አንድ በአንድ ከመንግሥት ጋር ታረቁ፤ አፕል ግን ተከራክሮ በ2013 ዓ.ም. ተፈረደበት። በ2016 ዓ.ም. የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይግባኙን አላይም ባለ ጊዜ ፍርዱ ጸና፤ አፕልም 450 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ሆነ። ከዚህ ውስጥ 400 ሚሊዮኑ መጽሐፍ ለገዙት ሰዎች የሚመለስ ነበር።

ይህን የሰማ ሰው ዋጋው ከዚያ ወዲያ ረክሶ ይቀራል ብሎ ይጠብቅ ይሆናል። ነገር ግን ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ታላላቆቹ አሳታሚዎች እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ከአማዞን ጋር ተዋውለው ዋጋ የመቍረጡን ሥልጣን መልሰው ያዙ። ተሰብስቦ ተማክሮ ዋጋ ማስወደድ ሕግ መተላለፍ ነው፤ እያንዳንዱ ለብቻው ዋጋውን ከፍ ቢያደርግ ግን ሕጉ አይከለክለውም። ስለዚህ 15 ዶላሩ ተመልሶ መጣ።

15 ዶላሩ ወዴት ይሄዳል?

የአሳታሚዎቹን ቃል ሳንሰማ መፍረድ አይገባንም። እነርሱ የሚሉት፣ ከመጽሐፍ ዋጋ ውስጥ ወረቀቱ የሚይዘው ጥቂቱን ብቻ ነው፤ የደራሲው ክፍያ፣ የአራሚው ድካም፣ የሽፋኑ ሥዕልና ማስታወቂያው ወረቀት ቢኖርም ባይኖርም አይቀሩም የሚል ነው። ይህ ቃል እውነት አለበት። ይሁን እንጂ ሒሳቡን ዘርዝሮ ማየት ይጠቅማል።

በ2010 ዓ.ም. ገደማ በአሜሪካ በተለመደው ሒሳብ 26 ዶላር ከተተመነ ጠንካራ ሽፋን ያለው መጽሐፍ ግማሹን ሻጩ ይወስዳል፤ 13 ዶላሩ ለአሳታሚው ይደርሳል። ለኅትመት፣ ለመጋዘንና ለማጓጓዣ የሚወጣው ከ3 ዶላር ጥቂት ከፍ ያለ ነው። ደራሲው ከመቶ 15 እጅ ቢታሰብለት 3 ዶላር ከ90 ሳንቲም ያገኛል። ለአሳታሚው ለቀረው ወጪና ለትርፉ 6 ዶላር የማይሞላ ይቀረዋል። አሁን ደግሞ 15 ዶላር የሚሸጠውን ኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ እንይ። ሻጩ 4 ዶላር ከ50 ሳንቲም ይወስዳል፤ 10 ዶላር ከ50 ሳንቲም ለአሳታሚው ይደርሳል። በታላላቆቹ አሳታሚዎች ዘንድ የተለመደው የደራሲው ድርሻ ከዚህ ላይ ከመቶ 25 እጅ ነው፤ ይኸውም 2 ዶላር ከ62 ሳንቲም ያህል ነው። ለአሳታሚው 7 ዶላር ከ88 ሳንቲም ያህል ይቀረዋል።

አንባቢ ሆይ፤ ሁለቱን ሒሳቦች ጎን ለጎን አድርገህ ተመልከት። በኤሌክትሮኒኩ መጽሐፍ ደራሲው ያነሰ ሲያገኝ አሳታሚው የበለጠ ያገኛል። ገዢው ከጠንካራ ሽፋኑ ይልቅ 11 ዶላር አትርፏል ይባል ይሆናል፤ ነገር ግን ጥቂት ቈይቶ ስሱ ሽፋን ያለው ርካሽ እትም ሲወጣ ያ ትርፍ ብዙ ጊዜ ይጠፋል። ደግሞም ገዢው በገንዘቡ ምን እንደ ተቀበለ ገና አልጠየቅንም።

ገዛን እንላለን እንጂ

የወረቀት መጽሐፍ የገዛ ሰው ለጎረቤቱ ያውሰዋል፤ ለልጁ ያወርሰዋል፤ ቢቸግረው ይሸጠዋል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1908 ዓ.ም. በሰጠው ፍርድ አሳታሚው አንድ ጊዜ ከሸጠ በኋላ ሁለተኛውን ሽያጭ ሊያዝዝበት እንደማይችል ወስኗል። ኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ግን በሻጩ ውል ላይ እንደ ተጻፈው የሚሰጠው ለማንበብ ፈቃድ ብቻ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤትም በ2019 ዓ.ም. እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ያለ ባለመብቱ ፈቃድ እንደ አሮጌ መጽሐፍ መልሶ ለሕዝብ መሸጥ እንደማይቻል ፈርዷል።

ይህ የሕግ ቃላት ጨዋታ እንዳይመስለን፣ የሆነውን እንናገር። በ2009 ዓ.ም. አማዞን የእንግሊዛዊውን ደራሲ የጆርጅ ኦርዌልን ሁለት መጻሕፍት፣ «1984» እና «አኒማል ፋርም» የተባሉትን፣ ከገዢዎቹ መሣሪያ ላይ ከሩቅ ሆኖ አጠፋ፤ ምክንያቱም መጻሕፍቱን ያቀረበው ሻጭ መብት አልነበረውም። ገንዘቡ ተመልሷል፤ ድርጅቱም ይቅርታ ጠይቋል፤ ሰው በቤቱ ያስቀመጠው መጽሐፍ ሌሊት ሊወሰድበት እንደሚችል ግን ዓለም ሁሉ ተረዳ። በ2019 ዓ.ም. ደግሞ ማይክሮሶፍት የመጽሐፍ መደብሩን በዘጋ ጊዜ የተገዙት መጻሕፍት ሁሉ አብረው ጠፉ፤ ለገዢዎቹ የተመለሰላቸው ገንዘባቸው ነው። ከ2025 ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ የካሊፎርኒያ ሕግ እንዲህ ያለውን ነገር የሚሸጥ ሁሉ ለገዢው የሚሰጠው ፈቃድ እንጂ ንብረት አለመሆኑን በግልጥ እንዲነግረው አዝዟል።

የሕዝብ ቤተ መጻሕፍትም ከዚህ ችግር አላመለጡም። ሃርፐርኮሊንስ የተባለው አሳታሚ በ2011 ዓ.ም. አንድ ቤተ መጻሕፍት የገዛው ኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ 26 ጊዜ ከተዋሰ በኋላ ፈቃዱ እንዲያበቃ ወሰነ። ፔንግዊን ራንደም ሐውስ ደግሞ በ2018 ዓ.ም. ፈቃዱን በሁለት ዓመት ወሰነው። የማያረጀውን መጽሐፍ በውል አስረጁት ማለት ነው። የአያት ዳዊት ማኅደሩ ተበጥሶ፣ ቅጠሉ በሰም ጠብታ ተነክቶ፣ ለልጅ ልጅ ሲደርስ ለምናይ ለእኛ ይህ እንግዳ ነገር ነው። ስለዚህ የዋጋው ቅሬታ ከሁሉ የሚበረታው እዚህ ላይ ነው፤ ገንዘቡ የባለቤት ገንዘብ ሲሆን፣ የሚገኘው ነገር ግን የተከራይ ነገር ነው።

የሚቀርበው ፈተና

ዋጋ ሲወደድ ፈተና ይመጣል። ብዙ ወጣት መጽሐፉን በስርቆት ከተሰራጨበት ቦታ ያወርደዋል፤ ወላጁም ለትምህርቱ ነው ብሎ ዝም ይለዋል። ስለዚህ ነገር ፊት ለፊት መናገር ይገባናል። ባለጠጋው አሳታሚ በደለኝ ማለት የሌላውን ላብ ለመውሰድ ፈቃድ አይሆንም። ደግሞም በዚህ መንገድ ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳው ባለጠጋው አይደለም። የአማርኛ ደራሲ የወረቀቱ ዋጋ በየጊዜው እየጨመረበት፣ ተበድሮ፣ ጥቂት ሺሕ ቅጂ ያሳትማል። ያ መጽሐፍ ገጹ በስልክ እየተነሣ በቴሌግራም ሲዞር ደራሲው ዕዳውን ይዞ ይቀራል፤ ሁለተኛ መጽሐፍ ለመጻፍም እጁ አይነሣም። በአገራችንም ሕግ፣ በ1996 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቍጥር 410፣ የደራሲው መብት በሕይወቱ ዘመን ሁሉ፣ ከሞተም በኋላ 50 ዓመት የተጠበቀ ነው።

በብዙ የብራና መጻሕፍት መጀመሪያ ወይም መጨረሻ ላይ መጽሐፉን የሰረቀ ወይም የፋቀ የተወገዘ እንዲሆን ተጽፎ ይገኛል። አባቶቻችን ይህን የጻፉት ዕውቀትን ከሰው ለመደበቅ አይደለም። አንድ መጽሐፍ በደብሩ ከኖረ ሁሉ ያነበዋል፤ ተማሪውም ይገለብጠዋል፤ ሌባ ከወሰደው ግን ሁሉ ያጣዋል። ማካፈልና መስረቅ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን በዚህ አስተማሩን።

ቤተ ሰብ ምን ያድርግ?

አንደኛ፣ ከመግዛት በፊት መለየት ይገባል። አንድ ጊዜ ተነብቦ የሚተው መጽሐፍ በኤሌክትሮኒክ መልኩ ቢገዛ ብዙ ጉዳት የለውም። በየዓመቱ የሚነበበው፣ ለልጅ የሚወረሰው፣ በተለይም የጸሎትና የሃይማኖት መጽሐፍ፣ በወረቀት ቢሆን ይሻላል። ለአሮጌ መጽሐፍ ሻጮችም ፊታችንን አንንሣቸው።

ሁለተኛ፣ ያለ ዋጋና ያለ ኃጢአት የሚገኘውን እንወቅ። በ1971 ዓ.ም. ማይክል ሃርት የተባለው አሜሪካዊ የጀመረው ፕሮጀክት ጉተንበርግ የደራሲ መብታቸው ያለፈ ከ70000 በላይ መጻሕፍትን በነጻ ይሰጣል። በአሜሪካ በሚኒሶታ ያለው የሂል ቤተ መዘክርና የብራና መጻሕፍት ቤትም ከ1973 ዓ.ም. ጀምሮ ከቤተ ክርስቲያናችንና ከመንግሥት ጋር በተደረገ ስምምነት በማይክሮፊልም የተነሡትን 9000 ያህል የኢትዮጵያ ብራናዎች የያዘ ነው፤ ከእነዚህም ብዙዎቹን ማንኛውም ሰው ስሙን አስመዝግቦ ያለ ክፍያ ሊያያቸው ይችላል። የግዕዝ ተማሪ በቤቱ ቁጭ ብሎ ቀድሞ የሳምንት መንገድ ተጕዞ የሚያየውን ብራና ያነባል። አዲሱ ጥበብ ለመልካም ነገር ሲውል ምን ያህል እንደሚያደርስ ይህ ምስክር ነው።

ሦስተኛ፣ በውጭ አገር ያላችሁ ወገኖቻችን የከተማችሁን ቤተ መጻሕፍት ካርድ አውጡ፤ ኤሌክትሮኒክ መጽሐፍም በውሰት ይገኝበታልና። ተራ መጠበቅ ግድ ቢሆንም ትዕግሥት 15 ዶላር ታተርፋለች።

አራተኛ፣ ብቻችንን የማንችለውን በማኅበር እንችላለን። የጽዋ ማኅበር ወይም የሰንበት ትምህርት ቤት አባላት በየወሩ ጥቂት ጥቂት ብር ቢያዋጡ፣ በየወሩ አንድ የወረቀት መጽሐፍ ገዝተው ለሁሉ የሚሆን መደርደሪያ ይሞላሉ። አንድ መጽሐፍ በ20 ቤት ቢዞር በ20 ቤት የተገዛ ያህል ይጠቅማል፤ ይህንንም ማንም ሕግ አይከለክለውም።

አምስተኛውን ቃል የምንናገረው ለራሳችን ደራስያንና አሳታሚዎች ነው። ዋጋ ማርከስ ደራሲውን ማስራብ አይደለም። በአማዞን መደብር ራሱ የሚያሳትም ደራሲ መጽሐፉን ከ2 ዶላር ከ99 ሳንቲም እስከ 9 ዶላር ከ99 ሳንቲም ባለው ዋጋ ከሸጠ ከመቶ 70 እጅ ይታሰብለታል። እንግዲህ በ5 ዶላር የሸጠው ጥቂት የመላኪያ ዋጋ ተቀንሶ ወደ 3 ዶላር ከ50 ሳንቲም ያገኛል፤ ይህም በታላቁ አሳታሚ በኩል በ15 ዶላር ተሸጦ ከሚደርሰው ይበልጣል። ስለዚህ የእኛም ጸሐፍት የአማርኛውን መጽሐፍ በልከኛ ዋጋ፣ በብርና በቴሌብር በሚከፈል መንገድ ለሕዝቡ ቢያቀርቡት፣ በቅን ልቡና የሚከፍል ብዙ አንባቢ እንደሚያገኙ እናምናለን። ሰው በአቅሙ ሊገዛው የሚችለውን ነገር ለመስረቅ የሚቸኵል ጥቂት ነውና። ለጸሎት መጻሕፍትማ ከድካምና ከወጪ በላይ ትርፍ መፈለግ ለክርስቲያን ነጋዴ የሚያምር አይደለም።

መጽሐፍ የሚጽፈው ሰው በልቶ እንዲያድር፣ የሚያነበውም ሰው ተምሮ እንዲያድግ፣ በሁለቱ መካከል የቆመው ነጋዴም ልኩን እንዲያውቅ ያስፈልጋል። እስከዚያው ድረስ ወላጆች ሆይ፤ የዋጋው ምሬት ከንባብ እንዳያርቃችሁ፣ እጃችሁንም ወደማይገባ ነገር እንዳይዘረጋ ተጠንቀቁ። በቤታችሁ ያለችው አንዲት መጽሐፍ እንኳ ብትሆን ዛሬ ማታ ትከፈት፤ ልጆቻችሁም ሲነበብ ይስሙ። ጥበብን የሚሰጥ ልዑል እግዚአብሔር ለጻፉትም ለሚያነቡትም ይርዳን።